የቅዳሜው ሟች

በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ ጭነት የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ጓደኞቼ የመኪና ውድድር ሲነሳ ብራዚላዊውን አየርተን ሴናን ይጠራሉ፤ እኔ ግን ከሱ አንድ ቀን ቀድሞ የሞተውን ኦስትሪያዊ ሮላንድ ራትዘንበርገርን አስታውሳለሁ።

ፎርሙላ 1 የደረሰው በ33 ዓመቱ ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 1986 ዓ.ም. ኢሞላ፣ ጣሊያን ውስጥ፣ ለማጣሪያ ሲነዳ የተጎዳው የመኪናው የፊት ክንፍ ተነቀለ፤ በሰዓት 314 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከግንብ ጋር ተላተመ። በማግስቱ ሴና ሲሞት ዓለም ፊቱን ወደ ብራዚል አዞረ። የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ማክስ ሞስሊ ግን የራትዘንበርገር ቀብር ላይ ተገኙ።

የገደለው የራስ ቅል ሥር ስብራት ነበር። ጭንቅላትና አንገትን ደግፎ የሚይዘው ሃንስ የተባለው መሣሪያ በፎርሙላ 1 ግዴታ የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው።

በኛም መንገድ ስንት ወጣት ሾፌር ቀርቷል! የሞተውን የምናከብረው፣ የገደለውን መርምረን ለተተኪው ስናስተካክል ነው።