መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከየት መጣ?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው የጎን መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ያውቀዋል። ወረቀቱ «ሞንሮኒ» ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1958 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሕጉን ካስወጡት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ነው።

ከዚያ በፊት ገዢው በጨለማ ነበር የሚደራደረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 መጀመሪያ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና መሥራት አቁመው ነበር። በ1945 ሥራው ሲጀመር ፈላጊው ብዙ፣ መኪናው ጥቂት ሆነ። ወረፋ ለመዝለል በእጅ የሚከፈል ነበር፤ ያልጠየቁትን ሬዲዮና ጌጣጌጥ አብሮ መግዛትም ግዴታ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ፎርድና ሸቭሮሌ በሽያጭ ሲሽቀዳደሙ መኪናው ዲለሩ ግቢ ውስጥ ተከመረ። ያኔ ዘዴው ረቀቀ፤ የአዲሱን ዋጋ አስቀድሞ ያንሩትና «አሮጌ መኪናህን በጥሩ ዋጋ እንቀበልሃለን» ይሉታል። ገዢው ተጠቀምኩ ብሎ ይሄዳል፤ የተመለሰለት ግን የራሱ ገንዘብ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የማጓጓዣው ነገር ነው። ካሊፎርኒያ የተገጣጠመ መኪና እዚያው ካሊፎርኒያ ሲሸጥ፣ ገዢው ከዲትሮይት የተጫነ ያህል የማጓጓዣ ሒሳብ ይጠየቅ ነበር። ያልተጓዘ ጭነት ኪራይ ማለት ነው! ድንበር ላይ ለምንውል ሰዎች የሚሆነው ግልጽ ነው፤ አንዳንዶች መኪናውን ዲትሮይት አካባቢ እየገዙ፣ ራሳቸው እየነዱ ወደ ምዕራብ ወስደው ከዲለሩ አርክሰው ይሸጡ ጀመር። «ቡትሌገር» የሚል የኮንትሮባንዲስት ስም ወጣላቸው።

ሞንሮኒ የሚመሩት የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ ሕጉ ወጣ። ፋብሪካው የሚያቀርበው ዋጋ፣ ተጨማሪ ዕቃዎች በየራሳቸው ዋጋ፣ የማጓጓዣው ሒሳብና መኪናው የተገጣጠመበት ቦታ መጻፍ አለባቸው። መኪናው ገዢው እጅ ሳይገባ ወረቀቱን መላጥ ያስቀጣል።

ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ፋብሪካው ያቀረበው ሐሳብ እንጂ ጣሪያ አይደለም። በ2021 እና በ2022 ቺፕ ጠፍቶ መኪና ሲያጥር ብዙ ዲለሮች ከዚያ በላይ ሸጠዋል። ከዚያ በታች እስከ ምን ድረስ እንደሚወርዱም ወረቀቱ አይናገርም። ለእኛ ሰዎች የሚያሳስበው ይኼኛው ነው። ኢያን ኤርስ የተባሉ የሕግ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ተመሳሳይ የድርድር ንግግር የተማሩ ሰዎችን ገዢ አስመስለው ቺካጎ አካባቢ ወዳሉ ዲለሮች ላኩ። ለጥቁር ወንዶች የተጠራው ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከተጠራው በአማካይ ከ1,000 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። መኪናው ያው፣ ንግግሩም ያው።

ስለዚህ ዋሽንግተንም ሆነ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ሦስቱን ሒሳብ አታደባልቁ። መጀመሪያ ታክሱንና የዲለሩን ክፍያ ጨምሮ የአዲሱን መኪና ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ከሦስት አራት ዲለር አስልኩ፤ ሩቅ ከተማ ያለውንም ጨምሩ። አሮጌው መኪና ከዚያ በኋላ ይነሳ። ብድሩን ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ዲለሩ አበዳሪው በሰጠው ወለድ ላይ የራሱን ሊጨምር ይችላልና። «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አትስጡ። ወሩን በማብዛት የማይደረስበት ቁጥር የለም።

ያገለገለ መኪና ላይ ሞንሮኒ የለም። ከጃፓን ጨረታ ወጥቶ ሞምባሳ የሚደርሰው መኪና ግን የጨረታ ወረቀት አለው፤ ደረጃው፣ የሄደው ኪሎ ሜትርና የተመታበት ቦታ ይጻፍበታል። ሻጩ ያንን ወረቀት ያሳያችሁ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከመኪናው ጋር አስተያዩ። ማጓጓዣ ሲጠየቅም ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠይቁ።