ሽማግሌዎች ያልጠየቁት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ ባለቤቶች አንድ ባልና አንዲት ሚስት ናቸው፤ ሰቆጣ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግን አታገኟቸውም። እኔ ነኝ ያቆምኋቸው፤ ከዋግ የጋብቻ ወግ፣ ከሕግ መጽሐፍ፣ የምሁራን ጥናት ካነሣው ጉዳይ ጥቂት ጥቂት ቆንጥሬ። ሕጉ፣ ዓመተ ምሕረቱና በስም የምጠራቸው ሰዎች እውነት ናቸው። ባልና ሚስቱን ግን «እሱ» እና «እሷ» እያልሁ ነው የምዘልቀው። ድሮም ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም ነበርና አይከብዳችሁም።

እሱ የማር ነጋዴ ነው። ቤቱ ኽምጣና ይናገራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ፤ የዋግን ማር በጀሪካን ሞልቶ አዲስ አበባ ያደርሳል። 28 ዓመት ሞልቶት ሚስት የለውም። በዚያ ዕድሜ እኩዮቹ ልጆቻቸውን ፍየል ጥበቃ ልከዋል። እናቱ ማታ ማታ «ሳልሞት የልጅ ልጅ አሳየኝ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ጢሙ ሳያቀመቅም ጀምሮ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ልቡ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው።

ለማን ይንገር? ለንስሐ አባቱ ነገረ። እሳቸውም አልተቆጡም። ስግደት ሰጡት፣ ጾም ሰጡት፣ በመጨረሻም «አግባ ልጄ፤ ትዳር ያረጋጋሃል» አሉት። ምክሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዘመድም፣ ጓደኛም፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሰማ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። እንዲህ ሆኖ ትዳር እንደ መድኃኒት ታዘዘለት። መድኃኒቷ ግን ሰው ነበረች።

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቁምና አንድ ነገር ላንሣ። ሳይመን መሲንግ የሚባል አሜሪካዊ የባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአማራን ደጋ ዞሮ ሲጽፍ፣ አመላቸው ወደ ሴት ያደላ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ወንዶች በገጠሩ እንዳገኘ መዝግቧል። ገበሬው የእግዜር ስህተት ናቸው ይላል እንጂ አይጠላቸውም፤ ከሴቶች ጋር ሲውሉም ባሎች አይቀኑም ነበር ይላል። ክብር ነው አልልም፤ ስህተት መባል ክብር አይደለም። ግን ሳያገቡ የሚኖሩበት አንድ ጥግ ነበራቸው፣ የማንም ልጅ ደግሞ በነሱ ምክንያት አልተዳረችም። የኛ ሰውዬ ያን ጥግ አላገኘም።

እንመለስ። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ዋግ ሻደይን ያከብራል። ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ፣ ራያ ሶለል የሚሉት በዓል ነው። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቄጠማ ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ጎረምሳው ከዳር ቆሞ ያያል፤ እናቶችም ያያሉ። እሷን ያዩዋት የሱ እናት ናቸው። «ያቺ ባለ ቀይ ጥለት፣ አንገተ ሰባራዋ» አሉት። «እሺ እማዬ» አለ። እንዲህ ፈጥኖ እሺ ማለቱ ሰፈሩን አስደነቀ፤ ታዛዥ ልጅ ተባለ። ሽማግሌ ተላከ፣ ጥሎሹ ተቆረጠ፣ ሠርጉ ለጥር 2008 ተቀጠረ። ሚዜ ሲመርጥ አንድ የልብ ጓደኛውን ሳይጠራው ቀረ። ሰው ሁሉ ተጣልተው ነው አለ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አሻፈረኝ አለ። አባቷ በቁርባን እንዲጋቡ ፈልገው ነበር። እሱ ግን «ለጊዜው በሰማንያ ይሁን» ብሎ ድርቅ አለ። አማቹ ተቀየሙ። በቁርባን የታሰረ እንደማይፈታ ታውቃላችሁ። እኔ ይህን ሰው ስፈርድበት እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ይላላል፤ ባይነግራትም መውጫ ትቶላታል።

ደግ ባል ሆነ። አይመታም፣ አይሰድብም፣ ጠላ ቤት አያመሽም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነጠላ ይዞላት ይመጣል። ማታ ግን ደክሞታል። ካልደከመውም ጾም ነው። ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማል፤ በጾም ደግሞ ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ። እሱ በዚህ ላይ የጽጌን ጨመረ፣ የጳጉሜንን ጨመረ፣ የስእለት ጨመረ። መጀመሪያ ኮራችበት። «ባሌ መንፈሳዊ ነው» ትል ነበር ውኃ ስትቀዳ።

በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ከዚያ ወዲያ ምንም። እሷ እንደሆነች ራሷን መጠርጠር ጀመረች። ቅቤ ተቀባች፣ ጭስ ሞቀች፣ ጸጉሯን አዲስ ተሠራች። ሸተትሁት ይሆን? ከወለድሁ በኋላ ሰውነቴ ተበላሽቶ ይሆን? አዲስ አበባ ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ይህን የመጨረሻውን እንኳ ብታገኘው ደስ ባላት፤ ስም ያለው በደል ነውና። አማቷ በበኩላቸው «ማኅፀኗ ተዘግቶ ነው» ብለው ፈረዱ። ጸበል ተወሰደች። ገና ጎህ ሲቀድ በብርድ ራቁቷን ቆማ ስትጠመቅ፣ የነገሩን ምክንያት የሚያውቀው እሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሲመለሱ የጸበሉን ጀሪካን ተሸከመላት።

ክፉ ነው እንዳትሉ፣ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ሲደርስ ልጅቱን አዝሎ፣ እሷን እጇን ይዞ ገደል ለገደል ያወጣቸው እሱ ነው። ዱቄቱ ሲያልቅ ለነሱ ሰጥቶ ሳይበላ ያድር ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ምን አጣላሽ ብትባል ምን ትበል?

ሌላ ጉዳይም አለ፣ ሰው የማያነሣው። የአገራችን የኤችአይቪ ዕቅድ የረጅም ርቀት ሾፌሩን በስም ይጠራል፣ በወሲብ ንግድ የምትተዳደረዋን ይጠራል፣ እስረኛውን ይጠራል። ከወንድ ጋር የሚተኛ ወንድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እሱ ካልተጠራ የሱ ሚስትም አልተጠራችም። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ያለባትን አደጋ የሚጠይቃት የለም።

ነሐሴ 2015 መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ፖሊስና የከተማው የጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ ዘመቻ ጀመሩ። ከዚያው ጋር ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እነዚህ ናቸው» ይባል ጀመር። አማራ ክልል ዳታው ተቋርጦ ስለነበር ወሬው ሰቆጣ የደረሰው በነጋዴ አፍ ነው። እሱ ፎቶው አልወጣም። ግን ሲም ካርዱን ሰበረ፣ አዲስ አበባ መሄድ ተወ፣ እንቅልፍ አጣ። አንድ ሌሊት ተነሥታ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት። «ያድነኛል ብዬ ነበር ያገባሁሽ» አለ።

መጀመሪያ የተሰማትን ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ቁጣ አልነበረም። «እኔ አይደለሁማ!» ነው ያለችው በሆዷ። ለዓመታት የመረመረችው ገላዋ ምንም አልነበረበትም። ቁጣው የመጣው ቆይቶ ነው፤ ጸበሉ ትዝ ሲላት። ተንቀጠቀጠች። ማልቀስ እንኳ በድምፅ አልቻለችም፤ ምን ሆንሽ ብሎ ጎረቤት ቢመጣ ምን ልትል?

አሁን የሕግ መጽሐፉን ልግለጥ። የእሷን ነገር ሕጉ አስቦታል፤ አስባችሁት ታውቃላችሁ? የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 13 በስህተት የተሰጠ ፈቃድን ሲዘረዝር፣ ከተመሳሳይ ፆታ ሰው ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ያለውን ሰው ሳያውቁ ማግባትን መሠረታዊ ስህተት ይለዋል። ጋብቻው ሊፈርስ ይችላል። አማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እኔ የማነብላችሁ የፌዴራሉን ነው። ለክሱ ግን ጊዜ ተቆርጦለታል። ስህተቱ በታወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ጋብቻው ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ሳያልፍ መክሰስ አለባት። ባልየው ለእናቱ ያልነገረውን፣ ለወንድሙ ያልነገረውን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እሷ እንድትደርስበት ነው የሚጠበቀው! ያኔ እሷ አራስ ነበረች።

ደርሳበትስ ቢሆን? ይህን ቃል ችሎት ፊት ስትናገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይሰማታል። እሱ አንቀጽ ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት ማለት ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ነው። አንቀጽ 630 የሚያከብደው ሲሆን ደግሞ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የቤተሰቡ ሕግ ያወቀላትን በደል ለመናገር የልጇን አባት ለወንጀሉ ሕግ ማስረከብ አለባት። ልጅቱስ? የማን ልጅ ተብላ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው?

እንግሊዝ አገር ይህ ሆኖ ታይቷል። ኮንስታንስ ሎይድ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1884 ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን አገባች፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደችለት። በ1895 ባሏ ከወንድ ጋር ባለው ግንኙነት ተከስሶ ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። የታሰረው እሱ ነው፣ ስሟን የቀየረችው ግን እሷ። ልጆቿን ይዛ ከአገር ወጣች፣ ሆላንድ የሚል ስም አወጣችላቸው። እናቱ ሲሞቱበት መርዶውን ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብላ ከጣልያን ድረስ ተጉዛ እስር ቤት ገብታ ነገረችው። በ1898 ጄኖዋ ላይ ሞተች። ልጆቹ አባታቸውን ዳግመኛ አላዩትም። መቃብሯ ላይ የዋይልድ ሚስት መሆኗ የተጻፈው በ1963 ነው። የእኛዋ ሴት ይህን ታሪክ አልሰማችም፤ መጨረሻው ግን ሳይነገራት ገብቷታል።

ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ሄደች። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የዳሯት የአባቷ ወዳጅ። ከግራር ሥር ተቀመጡ፤ እሷ ነጠላዋን አገልድማ ቆመች።

«ይመታሻል፣ ልጄ?»

«የለም አባቶቼ፣ አይመታኝም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ቀለብ ይነፍግሻል?»

«አይነፍገኝም።»

«ውሽማ ይዟል?»

ዝም አለች። ከዚያ «ሴት አልያዘም» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ያስተዋለ ግን የለም።

«ታዲያ ምን በደለሽ?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ልጅቱ ታየቻት። «ምንም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙ ትዳር አድነዋል፣ ደም አድርቀዋል። ግን የበደል ዝርዝራቸው አራት ነው፤ አምስተኛ የለውም። «ጥጋብ ነው» አሉ። «ይህን የመሰለ ባል ይዘሽ! ወደ ቤትሽ ግቢ።» እሱ እዚያው ጥግ ቆሞ ይሰማል። የሚያድናት አንድ ቃል በእጁ አለ፤ ያ ቃል ግን እሱን ይቀብረዋል። አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

እሱስ ምን ሆነ አትሉም? በየቀኑ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዱ ማር መሸጥ፣ ሌላው ራሱን መጠበቅ። ሲስቅ ይጠነቀቃል፣ ስልክ ሲያነሣ ይጠነቀቃል፣ ወንድ ሲያቅፈው ቀድሞ ይለቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት፣ እንዲህ ያሉ የአዲስ አበባ ወንዶች ወንድነታቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚያዩት የሚመረምር ነው፤ ርእሱ ላይ «የተረበሸ ወንድነት» የሚል ሐሳብ አለበት። መረበሹን በሰቆጣው ሰው ቤት ገብታችሁ አይታችኋል። ሚስቱን አይጠላትም። እንዲያውም በዓለም ላይ ምሥጢሩን የምታውቅለት ወዳጁ እሷ ብቻ ሆና ቀርታለች፤ ሊያጣት የፈራውም ለዚህ ነው።

ፍቺው ግን ሆነ። ሕጉ ለመፋታት ምክንያት አያስገድድም። «አልተስማማንም» ብለው አብረው ቀረቡ፣ እሱም «አዎን» አለ፤ ቤቱም ፍየሉም ቀፎውም እኩል ተካፈለ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ሆነች። ሰፈሩ ምክንያቱን ራሱ ፈልጎ አገኘ፦ ማኅፀኗ ስለተዘጋ ነው።

ዓመት ሳይሞላ እናቱ እንደገና ጀመሩ። አንድ ጊዜ እንቢ አለ። እናቱ ታመው አልጋ ያዙ፣ ወንድሞቹ ተሰብስበው መጡ፣ ንስሐ አባቱ ተጠሩ። ከዚያ እንቢ አላለም።

የታሰበችው ልጅ አክስት ብልህ ሴት ናቸው፤ ሳያጣሩ አይሰጡም። አንድ ከሰዓት እሷ ቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። ከአቦሉ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው «አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ» አሏት። «እንዴት ያለ ሰው ነው?»

እሷ ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች። «ደግ ሰው ነው» አለች። «አይመታም። አይጠጣም። ቀለብ አይነፍግም።»

አክስትየው ቶናውን እንኳ ሳይጠብቁ ተነሡ፤ የፈለጉትን ሰምተዋል። ሽማግሌው በጥር ተላከ።