ወዳጅ ለማቆየት የተከፈለች አገር

ከነታንያ በስተደቡብ ያለውን የዊንጌት ስፖርት ተቋም የማያውቅ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። አዲስ አበባን የሚያውቁ ወላጆች ደግሞ «ዊንጌት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው እዚያ ያለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም የተሰየሙት በአንድ ሰው ነው፤ ኦርድ ዊንጌት በሚባል የእንግሊዝ መኮንን። የአንድ እንግሊዛዊ ስም በሁለቱም አገሮቻችን እንዴት ሊቀር ቻለ? መልሱን ለማግኘት ወደ 1935 መመለስ አለብን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለባግሩት ታሪክ ያጠና ልጅ ሂትለር እንዴት እንደተነሣ፣ በ1938 ሙኒክ ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ ቼኮዝሎቫኪያን እንዴት አሳልፈው እንደሰጧት ያውቃል። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ተመሳሳይ ነገር በሌላ አገር ላይ ተሞክሮ ነበር። ያቺ አገር ኢትዮጵያ ናት። አያቶቻችን «የጣሊያን ጊዜ» እያሉ የሚያወሩት ዘመን የመጣው በሙሶሊኒ ምኞት ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ መንግሥታት አንድ የሚያድግ ባላንጣን በወዳጅ ብዛት ለማስፈራት ባወጡት ስሌትም ጭምር ነው።

ጀርመን ስትነሣ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሸነፈችው ጀርመን በቬርሳይ ውል ሠራዊቷ ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ፣ የጦር አውሮፕላንም እንዳይኖራት ተከልክላ ነበር። ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት ጀርመንን ከመንግሥታት ማኅበር አስወጣ። በማርች 1935 ደግሞ አየር ኃይል እንዳለው፣ የግዳጅ ውትድርና እንደሚጀምርና 36 ክፍለ ጦር እንደሚያቆም በግልጽ ተናገረ።

ፈረንሳይ ደነገጠች። የፈረንሳይ ሕዝብ ወደ 42 ሚሊዮን፣ የጀርመን ደግሞ ከ65 ሚሊዮን በላይ ነበር። ብቻዋን እንደማትችል ታውቃለች። እንግሊዝም ብትሆን በሩቅ ምሥራቅ ማንቹሪያን የወሰደችው ጃፓን ታሳስባት ነበር፤ በአንድ ጊዜ በየአቅጣጫው ጠላት ማብዛት አልፈለገችም። ስለዚህ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ጣሊያን አዞሩ።

ስሌቱ እንዲያው የሞኝ ስሌት አልነበረም። በጁላይ 1934 የኦስትሪያ ናዚዎች የአገሪቱን መሪ ዶልፉስን ገድለው መንግሥት ለመገልበጥ ሲሞክሩ፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ብሬነር ድንበር ላከ። ሂትለርም እጁን ሰበሰበ። ያን ጊዜ ሂትለርን በጦር ያስፈራራው መሪ ሙሶሊኒ ነው ማለት ነው። ፓሪስና ለንደን ያሉ ሹማምንት «ይሄን ሰው ከያዝን ጀርመን አትንቀሳቀስም» ቢሉ አይገርምም።

ጥያቄው ሙሶሊኒ በምን ይያዛል የሚለው ነበር። እሱ ደግሞ የሚፈልገውን አልደበቀም። በ1896 አድዋ ላይ የደረሰውን ሽንፈት መበቀልና ኢትዮጵያን መያዝ ይፈልግ ነበር። በዲሴምበር 1934 ወልወል ላይ ግጭት ተነሥቶ ነበርና ሰበቡም ተገኝቷል። በጃንዋሪ 1935 የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ። ላቫል በቃል ምን እንዳለው በኋላ ሁለቱ ቢካካዱም፣ ሙሶሊኒ ግን በኢትዮጵያ ነገር ፈረንሳይ መንገድ ለቃለች ብሎ ነው የተረዳው።

የስትሬዛ ዝምታ

በኤፕሪል 1935 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መሪዎች ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ስትሬዛ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተሰበሰቡ። ዓላማቸው ጀርመን ላይ አንድ ግንባር መፍጠር ነበር። ውል ማፍረስን አብረው እንደሚቃወሙም ተስማሙ። መግለጫው ሲጻፍ ግን ስለ ሰላም የሚናገረው ሐረግ «የአውሮፓ» የሚል ቃል እንዲጨመርበት ተደረገ። የሚጠበቀው የአውሮፓ ሰላም ብቻ ነው ማለት ነው። ጣሊያን በዚያው ሰሞን በስዊዝ ካናል በኩል ወታደርና መሣሪያ ወደ ኤርትራ እያጓጓዘች እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም በጉባኤው የእንግሊዝ መሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ለሙሶሊኒ አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጡም። ሙሶሊኒ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

ግንባሩ ግን 3 ወር እንኳ አልቆየም። በጁን እንግሊዝ ፈረንሳይን ሳታማክር ከጀርመን ጋር ለብቻዋ ተዋዋለች። የጀርመን ባሕር ኃይል የእንግሊዝን 35 በመቶ ያህል እንዲሆን ፈቀደች። አብረን ውል እናስከብራለን ያለችው አገር ራሷ የቬርሳይን ውል ጣሰች።

ሁለት ያባረረ

ጣሊያን በኦክቶበር 3 ቀን 1935 መረብን ተሻገረች። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩም ሕግ በአንድ አባል ላይ የተቃጣ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል። ማኅበሩ ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሎ በኖቬምበር ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። ስዊዝ ካናልም አልተዘጋም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን አስቆጥተው ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈሩ። ሕዝባቸው ደግሞ የማኅበሩ ሕግ እንዲከበር ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሶሊኒን የሚያስቀይም፣ የማያስቆመው ግን የሆነ ማዕቀብ አበጁ። ሁለት ያባረረ አንድም አይዝም ይባል የለ!

በዲሴምበር የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል በድብቅ ሌላ ዕቅድ አወጡ። ጣሊያን ከትግራይ፣ ከደናክልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት እንድትወስድ፣ በደቡብም የኢኮኖሚ ቀጠና እንዲኖራት፣ ኢትዮጵያ በምትኩ ወደ ባሕር የምትወጣበት ጠባብ መሬት እንድታገኝ የሚል ነበር። የመሬቱ ባለቤት አልተጠየቀም። ዕቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ዕቅዱ ቢቀርም ለኢትዮጵያ የመጣላት እርዳታ አልነበረም። በዚያው ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ።

ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ማን ነው? ሂትለር ነው። ጣሊያን ተራራው ላይ ተጠምዳ እንድትቆይ ብሎ በድብቅ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ላከ። ለጣሊያን ደግሞ የድንጋይ ከሰል መሸጡን ቀጠለ። ሁሉም ኢትዮጵያን ሲመለከት፣ በማርች 7 ቀን 1936 ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ። የስትሬዛ ግንባር የተቋቋመው ይህን የመሰለውን ነገር ለመከልከል ነበር። የከለከለው ግን አልነበረም።

ሂሳቡ ሲመጣ

በማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ቀን፣ የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ተሸነፈ። በዚያው ሰሞን ጎንደር ተያዘች። ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከ3 ቀን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በጁን መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለማኅበሩ አቤት አሉ። የማኅበሩ መልስ ማዕቀቡን ማንሣት ሆነ።

ሙሶሊኒስ ተያዘ? ዓመቱ ሳያልቅ ሮምና በርሊን አንድ ዘንግ ናቸው ብሎ አወጀ። በማርች 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥ ወደ ብሬነር የሄደ የጣሊያን ጦር አልነበረም። በዚያው ዓመት ጣሊያን በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣች። በሜይ 1939 ከጀርመን ጋር የጦር ቃል ኪዳን ተፈራረመች። በጁን 1940 ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። ኢትዮጵያ የተከፈለችበት ወዳጅነት እንዲህ ሆኖ ቀረ። የሂትለር አስተርጓሚ እንደጻፈው፣ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ ከኢትዮጵያ በሳምንት ውስጥ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር ነግሮታል።

ያን ጊዜ እንግሊዝ ኢትዮጵያን አስታወሰች። አርበኞቹ ግን እሷ እስክታስታውሳቸው አልጠበቁም፤ በየጫካው ሲዋጉ ቆይተዋል። ዊንጌት ወደ ታሪካችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀደም ሲል እዚህ አገር የሃጋና ወጣቶችን የሌሊት ውጊያ ያሠለጠነ፣ አይሁድ «ሃያዲድ»፣ ወዳጃችን፣ የሚሉት መኮንን ነው። በ1941 ንጉሡን አጅቦ ጎጃም ገባ። ጥቂት ሰው ይዞ ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» አለው። ከዚህ አገር የሄዱ ጥቂት አይሁድም አብረውት ነበሩ። ንጉሡ በተባረሩ በ5 ዓመታቸው፣ በዚያችው በሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ ገቡ። የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ ደግሞ የብዙ ወላጆቻችን አገር ጎንደር ነበር፤ በኖቬምበር 1941 እጁን ሰጠ።

ከዚህ ታሪክ «ወዳጅ አይረባም» የሚል ትምህርት የሚወስድ ሰው ተሳስቷል። በ1941 የአርበኞችና የእንግሊዝ ጦር መተባበር አገር ነፃ አውጥቷል። ልዩነቱ በዋጋው ላይ ነው። በ1935 ትልልቆቹ መንግሥታት የገዙትን ወዳጅ የከፈሉት ከሌላ ሰው ቤት አውጥተው ነበር። ገዥው የከፈለው ነገር ስለሌለ አልከበደውም፤ የተገዛውም እነዚህ ሰዎች ቃላቸውን እንደማይጠብቁ ከራሱ አየ። ሂትለርም አብሮ አየ።

ወጣቶች፣ ዛሬ በዜና ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ግንባር ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩስ ጠረጴዛው ላይ ወንበር አለው? ወላጆችም በዚህ ሰንበት ስለ ጣሊያን ጊዜ ከአባትና ከእናታችሁ የሰማችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የስትሬዛን ነገር ከመጽሐፍ ያገኙታል፤ እናንተ ቤት የተወራውን ግን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።