ሲኒና ኪታብ፤ የቻይናና የእስልምና ሥልጣኔዎች በአዋሽ ሸለቆ

አዋሽ ወደ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የአፋርን ምድር አጠጥቶ በጅቡቲ ወሰን ከአቤ ሐይቅ ይቀራል። ውሃው ያልደረሰበትን ባሕር ግን ሸለቆው ደርሶበታል። ከዘይላና ከታጁራ የተነሣ የግመል ቅፍለት ወደ ይፋትና ወደ ሸዋ ደጋ ለመውጣት ይህን ሸለቆ ማቋረጥ ነበረበት፤ መንገዱን የሚያውቀው፣ ውሃ ያለበትን የሚያሳየው፣ ግመሉን የሚያከራየውም የአፋር ሰው ነበር። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር ወንዙን የተሻገረው በአዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ነው፤ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከዚሁ ከተማ አልራቀም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሸለቆና በመሳዮቹ መንገዶች በኩል ከባሕር ማዶ ከገቡት ነገሮች መካከል አንዱ ዛሬ የማይገኝበት ቤት የለም። እርሱም ሲኒ ነው። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ «ቻይናዊ» ወይም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣላቸውን ጥሩ ሸክላ በአገሩ ስም ጠሩት፤ ስሙም ከዕቃው ጋር ወደ አማርኛ ገባ። እንግዲህ ቡና በተፈላ ቍጥር የቻይና ስም ሳይታወቅ ይነሣል፤ የሚነሣውም በቻይንኛ ሳይሆን በዐረብኛ ነው። የነገሩም ፍሬ ያለው ከዚሁ ላይ ነው። የቻይና የእጅ ሥራ ወደዚህ አገር የደረሰው በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅና በቋንቋቸው ነው፤ የቻይና ፍልስፍና ግን አብሮ አልመጣም። እስልምና በአንጻሩ ከሸቀጡ ጋር መምህር፣ ሕግና መጽሐፍ ይዞ ገባ። የአንዱ ሥልጣኔ ዕቃ ብቻ ሆኖ ሲቀር የሌላው ትምህርት ሥር የሰደደበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው።

የሩቅ ምሥራቅ ንግድ ከእስልምና በፊትም የነበረ ነው። በ531 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ሐር ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ ጠይቆ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚተርከው ዕቅዱ አልሠመረም፤ የፋርስ ነጋዴዎች መርከቦቹ አስቀድመው በሚደርሱባቸው ወደቦች ተቀምጠው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበርና። ወደቡን የያዘ ዕቃውን ያዘ። ከ7ኛው ምእተ ዓመት በኋላ ወደቦቹን የያዙት ደግሞ ሙስሊሞች ሆኑ።

ቻይናውያን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ መጻፍ የጀመሩት በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። በ751 በታላስ ወንዝ አጠገብ የዐባሲዶች ጦር የቻይናን ጦር ድል ባደረገ ጊዜ ዱ ሁዋን የተባለ ሰው ተማርኮ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ በ762 በመርከብ ወደ አገሩ ተመልሶም ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቶ የተረፈው ዱ ዮ የተባለው ዘመዱ በታላቅ መዝገቡ ውስጥ የጠቀሰው ቍራጭ ብቻ ነው። በኩፋ ከተማ የቻይና ሠዓልያንና ሸማኔዎች እንደ ነበሩ፣ ሙስሊሞችም በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱ ከዚያ ይነበባል። ሞሊን ብሎ የጠራውን የጥቍር ሕዝብ አገር አንዳንድ ሊቃውንት ወደ አክሱም ዳርቻ ሲያመጡት ሌሎች ወደ ሌላ ይወስዱታል፤ ክርክሩ ስላልተቈረጠ ብዙ ሊገነባበት አይገባም።

ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ የጻፈውና በ863 የሞተው ዱዋን ቼንግሺ ግን ይበልጥ ግልጽ ነው። ቦባሊ ስለሚላት አገር፣ ሊቃውንትም በርበራና አካባቢዋ ናት ስለሚሏት፣ ሕዝቧ ከብት አርቢ መሆኑን፣ የከብቱን ደም ሥር በመርፌ ወግቶ ደሙን ከወተት ጋር እንደሚጠጣ፣ የዝሆን ጥርስና ዐምበርም ከዚያ እንደሚወጣ ተናግሯል። የአገሩ ሰዎች የገዛ ወገኖቻቸውን አፍነው ለባዕድ ነጋዴ እንደሚሸጡም አልሸሸገም። ይህ መነገር አለበት፤ የንግዱን ውበት ብቻ የሚያወራ ታሪክ ግማሹን ይደብቃልና። ሲኒው በወጣበት መንገድ ሰው በባርነት ይወርድ ነበር።

በ1225 በቿንጆ ወደብ የባሕር ንግድ ሹም የነበረው ዣዎ ሩጓ ደግሞ፣ ራሱ ሳይጓዝ ከባዕዳን ነጋዴዎች እየጠየቀ ባጠናቀረው መጽሐፍ የዚህኑ ዳርቻ ሕዝብ ሰማይን እንጂ ቡድሃን የማያመልክ ሲል ገልጾታል። ይህ አነጋገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከጥንት ጀምሮ በቻይና አስተሳሰብ ለነገሥታት ሥልጣን የሚሰጠውና የሚነሣው፣ የሥርዐትም ሁሉ ምንጭ የሆነው «ሰማይ» ነው። ሹሙ የሙስሊሞችን አንድ አምላክ ሲሰማ ሊረዳው የቻለው አገሩ ባስተማረው ቃል ብቻ ነበር።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ወደዚህ አካባቢ በብዛት ከደረሱት የቻይና ሸክላዎች አንደኛው ፈረንጆች ሴላዶን የሚሉት አረንጓዴ ቅብ ያለው ዓይነት ነው። ቀለሙ የሚገኘው በቅቡ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት አየር ባነሰው ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ነው። በዠጅያንግ አውራጃ ያሉት የሎንግቿን ምድጃዎች በዚህ ሥራ ዝነኞች ነበሩ። የእስልምና ሕግ ከወርቅና ከብር ዕቃ መብላትንና መጠጣትን ስለሚከለክል፣ ባለጠጋው ማዕዱን የሚያስጌጥበት ሌላ የከበረ ነገር አስፈለገው። መርዝ ሲነካው ቀለሙን ይለውጣል ወይም ይሰነጠቃል የሚለው እምነትም ዋጋውን ከፍ አደረገው። ነጭና ሰማያዊው ሸክላ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ታሪክ አለው። የጂንግደጀን ሸክላ ሠሪዎች በ14ኛው ምእተ ዓመት ለሰማያዊው ሥዕል የተጠቀሙበት ኮባልት ከፋርስ ምድር የመጣ ነበር፤ ቻይናውያንም «የሙስሊም ሰማያዊ» ይሉት ነበር። ዓለም ሁሉ የቻይና ብቻ መስሎ የሚያየው ዕቃ የሁለት ሥልጣኔዎች ልጅ ነው።

የእነዚህ ሸክላዎች ስብርባሪ ከባሕሩ ዳር እስከ ደጋው ግርጌ ተበትኖ ይገኛል። ኤ. ቲ. ከርል የተባለ እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ በሶማሌ ምድር ከፈረሱ ከተሞች የሰበሰበውን የቻይና ሸክላ በ1937 ባወጣው ጥናት አስታውቋል። ከድሬ ዳዋ አጠገብ ባለችው በሐርላ፣ ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቍፋሮ ከ2015 ጀምሮ በ12ኛው ምእተ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የ13ኛው ምእተ ዓመት የግብፅ ገንዘብ፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ አገሮችና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች አውጥቷል።

አሁን ወደ ኪታቡ እንምጣ። በ13ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ፣ በ1285፣ የወላስማ ቤተ ሰብ የሸዋን የመኽዙሚ ሡልጣኖች አስወግዶ ይፋትን ገናና አደረገ። ግዛቱ ከደጋው ጠርዝ እስከ ዘይላ የሚዘልቅ ስለ ነበር የአዋሽ ሸለቆ ወገቡ ነበር ማለት ይቻላል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፎቬል፣ ሂርሽና ሼክሩን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሸለቆው በላይ ባለው የአርጎባ ምድር የፈረሱ ከተሞችን፣ ከእነርሱም መካከል አስበሪን፣ መሳልንና ኖራን አጥንተዋል፤ የወላስማዎችን የመቃብር ስፍራና በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችንም መርምረው በ2017 አሳትመዋል። መስጊዶቹ በድንጋይ የተገነቡ፣ ሚሕራባቸው ወደ መካ የዞረ ናቸው። ከሜዳው ሲታዩ የተረሳ የድንጋይ ክምር ይመስላሉ።

ስለ አገሩ ኑሮ ሰፋ አድርጎ የጻፈው በ1349 የሞተው የካይሮው ጸሐፊ አል ዑመሪ ነው። ይፋት የራሷን ገንዘብ ስለማትመታ ሕዝቡ በግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይገበያይ እንደ ነበር፣ አብዛኛው ሕዝብ የሻፊዒን የሕግ ትምህርት ይከተል እንደ ነበር፣ ቅጠሉ አእምሮን አንቅቶ እንቅልፍን የሚቀንስ ጫት የተባለ ተክል እንደሚበቅልም ነግሮናል። ይህን ሁሉ የሰማው በተለይ ከሕግ ዐዋቂው ከዐብደላህ አል ዘይለዒ ነበር። እኚህ ሰው በካይሮ ሳሉ ከአምሐራው ንጉሥ መልእክተኛ ስለ መጣ፣ በሙስሊሞቹ ግዛቶች ላይ የሚደርሰው ጕዳት እንዲቆም የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለማድረግ ደክመዋል። አንድ የቈላ ፈቂህ የደጋውን ክርስቲያን ንጉሥ ለማለዘብ የንጉሡን የሃይማኖት አባት በካይሮ አማላጅ አድርጎ መፈለጉ፣ የሁለቱ ወገኖች ኑሮ ምን ያህል እንደ ተሳሰረ ከብዙ የጦር ዜና ይልቅ ይገልጻል።

የዘይላ ስም በካይሮ የሊቃውንት ስም ነበር። በ1342 ገደማ የሞቱት ፈኽረዲን ዑሥማን አል ዘይለዒ በሐነፊ ሕግ፣ በ1360 ገደማ የሞቱት ጀማለዲን ዐብደላህ አል ዘይለዒ ደግሞ በሐዲስ ምርመራ የጻፏቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ በሙስሊሙ ዓለም ይነበባሉ። በአል አዝሐርም ከዚህ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርቲዎች ሪዋቅ የተባለ ማደሪያ ነበራቸው።

ኪታቡ ራሱም ቢሆን ያለ ቻይና አልተሠራም። ወረቀት የቻይና ፈጠራ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ሹም ጻይ ሉን በ105 ዘዴውን አሻሽሎ ለንጉሡ እንዳቀረበ ይነገራል። ወደ ሙስሊሙ ዓለም ያስገቡት ከታላስ ጦርነት የተማረኩ ቻይናውያን ናቸው የሚል የቈየ ትረካ አለ፤ ሊቃውንት ቢጠራጠሩትም በ8ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በባግዳድ ወረቀት ይሠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደባትር በብራና ሲጽፉ፣ የሐረርና የወሎ ሸኾች በወረቀት ጻፉ። ወረቀት የሚለው ስያሜም እንደ ሲኒ ሁሉ የዐረብኛ ቃል ነው። የቻይና እጅ በሲኒው ብቻ ሳይሆን በኪታቡም ገላ ላይ አለ፤ የሌለው በውስጡ በተጻፈው ቃል ነው።

ለምን? ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረው ኮንፊሺየስ ያስተማረው ትምህርት የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጅ ለአባቱ፣ ታናሽ ለታላቁ፣ ሹም ለንጉሡ የሚገባውን ሥርዐት ሲፈጽም ሰብአዊነት ይጸናል፤ መንግሥትም ይቃናል ይላል። ጥልቅ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ከአያት መቃብር፣ ከቻይና ፊደልና ከመንግሥት ፈተና ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ ከአገሩ ተነቅሎ በመርከብ የሚጫን አልነበረም። ወደ ኮሪያ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ቬትናም የተሻገረውም ከፊደሉ ጋር ነው። የሙስሊሙ ነጋዴ ግን ሕጉን ይዞ ይጓዛል። ከዘይላ እስከ ቿንጆ የሽርክና ውል፣ የዕዳ ምስክርነት፣ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ በአንድ ዓይነት ሕግ ይዳኛል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚተማመኑት በዚህ ነው። ሕግ ካለ ቃዲ ያስፈልጋል፤ ነጋዴው ከአገሬው ሴት ሲያገባ ልጆቹ ቍርኣን የሚቀሩበት ቤት ይሻሉ። ሃይማኖቱ በሰይፍ ብቻ እንደ ገባ የሚያስቡ ሰዎች ይህን የዘወትር ኑሮ ይዘነጉታል።

ለዚህም የዠንግ ሄ ታሪክ ማስረጃ ነው። ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ የተላከውን ታላቅ የቻይና መርከብ ጓድ የመራው ይህ የዩናን ተወላጅ ከሙስሊም ቤተ ሰብ የተገኘ ነበር። መርከቦቹ እስከ ሞቃዲሾ ደረሱ። በ1414 ከቤንጋል፣ በ1415 ከማሊንዲ ቀጭኔ ለንጉሠ ነገሥቱ በመጣ ጊዜ ቻይናውያን ኪሊን የሚሉት የመልካም ዘመን አብሣሪ እንስሳ ነው ተብሎ በደስታ ተቀበሉት። ጕዞው ከ1433 በኋላ ሲቆም ግን በአፍሪካ ዳርቻ የቀረ የቻይና ትምህርት ቤት፣ የቻይና መምህርም አልነበረም።

ትምህርት ሥር የሚሰድደው በአገሬው ቋንቋ መናገር ሲጀምር ነው። በናንጂንግ የኖረው ሊዩ ዢ በ18ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ የእስልምናን ሥርዐት ለኮንፊሺየስ ተማሪዎች በሚገባ ቃል በቻይንኛ ጻፈ፤ ሌሎች የቻይና ሙስሊሞች ደግሞ ቻይንኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፉበትን ሺያዎጂንግ የተባለ አጻጻፍ አወጡ። በወሎም ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለት በዐጀሚ፣ ጽፈው ለሕዝቡ ሃይማኖቱን በግጥምና በመንዙማ አስተምረዋል፤ እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት የኖሩት ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዚህ የታወቁ ናቸው። ተያይተው የማያውቁ፣ በሙስሊሙ ዓለም ሁለት ጫፎች የሚኖሩ መምህራን አንድ ችግር ገጠማቸው፤ አንድ ዓይነት መፍትሔም አገኙ።

ይህ ሁሉ በተለመደው የታሪክ ትምህርት ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። ይፋት የሚነሣው ዐምደ ጽዮን በ1332 በዘመተበት ምዕራፍ፣ አዳል የሚነሣው ኢማም አሕመድ ከ1529 እስከ 1543 በተዋጋበት ምዕራፍ ነው። ተማሪው የሰብረዲንን ሽንፈት ያውቃል፤ በዚያው ዘመን የዘይላ ሊቃውንት በካይሮ ምን እንደ ጻፉ አይነገረውም። ቈላው ጦር የሚመጣበት ዳር ብቻ ሆኖ ስለሚታይ መጽሐፍ የሚመጣበት በር እንደ ነበረ ይረሳል። ጥፋቱም በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ የማይታወቅ ፍርስራሽ ጠባቂ የለውም፤ የማይጠየቅ ኪታብም በሣጥን ውስጥ ምስጥ ይበላዋል።

አዋሽ ወደሚያልቅበት ወደ አውሳ የተወሰደውም ትምህርት የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። በ1577 ዐፄ ሠርፀ ድንግል የአዳልን ሡልጣን ድል ካደረጉ በኋላ፣ ኢማም ሙሐመድ ጃሳ መንበራቸውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወሩ። በ18ኛው ምእተ ዓመት አገዛዙ ወደ ሙደይቶ የአፋር ሥርወ መንግሥት ተላለፈ። የአውሳ ኢማሞች ዜና በዐረብኛ ተጽፎ ኖሮ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1931 አሳተመው፤ የታተመውም በኢጣልያ ነው። ከሠመራ እስከ አሳይታ ያለው መንገድ ከዚያ መንበር አጠገብ ያልፋል።