ሞኝና ወረቀት

ባዶ ፕላስቲክ የሰረቀ ሰው ምን ሰረቀ ይባላል? ጥያቄው የሕግ ተማሪዎች ቀልድ ይመስላል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ጥያቄ ነው። እነሱ ጊፍት ካርድ የሚሉት የስጦታ ካርድ፣ ገንዘብ ተቀባዩ በመሣሪያው አንብቦ ሥራ እስኪያስጀምረው ድረስ ከፕላስቲክነት አያልፍም። ሃምሳ ዶላር የሚያወጣው እርስዎ ሃምሳ ዶላር ከከፈሉበት በኋላ ነው። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ካርዱን ይዞ አይሮጥም። ቁጥሩን ይገለብጣል፣ የተሸፈነውን የምሥጢር ቁጥር ፍቆ ያነባል፣ በተመሳሳይ ተለጣፊ መልሶ ይሸፍነውና ካርዱን ከነበረበት ያንጠለጥለዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። እርስዎ ለእህትዎ ልጅ ምረቃ ብለው የገዙት ዕለት፣ ኮምፒዩተሩ ሒሳቡን ደጋግሞ ሲጠይቅ ሰንብቷልና፣ ልጅቱ ፖስታውን ሳትከፍት ገንዘቡ ሄዷል።

እንግዲህ ስርቆቱ የተፈጸመው መቼ ነው? ካርዱን በእጁ በያዘበት ቀን ካርዱ ዋጋ አልነበረውም። ገንዘቡ በጠፋበት ቀን ደግሞ ሰውዬው ምንም አልነካም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ስንል ኖረን፣ የያዘውን የሚለቅ ወረቀት መጣብን።

ካርዱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ኒማን ማርከስ የሚባለው የባለጸጎች መደብርና ብሎክበስተር የተባለው ፊልም አከራይ ለገበያ ያወጡት በ1994 ነው (የውጪውን ታሪክ በውጪው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጥያቄው ግን ሽማግሌ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1473 አንድ አጓጓዥ የነጋዴ ጥቅል ዕቃ ወደ ሳውዝሃምፕተን እንዲያደርስ ተቀጥሮ፣ መንገድ ላይ ጥቅሉን ፈትቶ ውስጡን ወሰደ። በዚያ ዘመን ስርቆት ማለት ከሰው እጅ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ነው። ይህ ሰው ግን ዕቃውን የተቀበለው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ዳኞቹ ብዙ ተከራክረው አንድ ማምለጫ አበጁ፤ የተሰጠው ጥቅሉ ነው እንጂ በጥቅሉ ውስጥ ያለው አይደለም፣ ስለዚህ ፈትቶ ሲወስድ ሰርቋል አሉ። ጥቅሉን ሳይፈታ እንዳለ ይዞት ቢጠፋ ኖሮስ? እሱማ ሌባ አይደለም! የሕግ ሰዎች በእንዲህ ያለ ክር ላይ መራመድ ሲችሉበት፣ እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የምንቀናባቸው ጊዜ አለ።

ወረቀትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። የዕዳ ሰነድ የሰረቀ ሰው በጥንቱ የእንግሊዝ የጋራ ሕግ ሌባ አይባልም። ወረቀቱ በራሱ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው በላዩ የተጻፈው መብት ነው፤ መብት ደግሞ አይነሳም፣ አይሸከሙትም። ፓርላማው ሰነድ መስረቅ ወንጀል ነው ብሎ የደነገገው በ1729 ነው። የዛሬው ካርድ የዚያ ወረቀት የልጅ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የ1703ቱ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቤት ሄዶ «እገሌ ልኮኛል፣ ሃያ ፓውንድ ስጠው ብሏል» ይላል። ባለቤቱም አምኖ ይሰጠዋል። እገሌ የተባለው ግን ማንንም አልላከም። ጉዳዩ ሰር ጆን ሆልት የተባሉት ዋና ዳኛ ፊት ቀረበ። እኚህ ሰው ጨካኝ አልነበሩም፤ በጥንቆላ ተከሰው የመጡላቸውን ምስኪን ሴቶች በነፃ በማሰናበት የታወቁ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን፣ አንዱ ሌላውን ስላሞኘ ወንጀል ብለን እንክሰስ ወይ ሲሉ ጠየቁ። የሐሰት ማኅተም ወይም የሐሰት ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ከ1541 ጀምሮ የሚያስቀጣ ሕግ ነበር። ይህኛው ግን ይዞ የመጣው አፉን ብቻ ነው። በባዶ አፍ የተሞኘ ሰው በፍትሐ ብሔር ይክሰስ ተባለ።

ዛሬ «አለቃህ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቶሎ አምስት ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ላክልኝ» ብሎ መልእክት የሚልከው ሰው የዚያ የ1703ቱ መልእክተኛ ነው፤ የለወጠው ነገር ቢኖር በር ማንኳኳቱን መተዉ ነው።

ከሆልት በኋላ ሃምሳ ዓመት አለፈና በ1757 በሐሰት ነገር ገንዘብና ሸቀጥ መቀበልን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ቅጣቱ መቀጮና እስራት፣ አደባባይ ላይ በግንድ መታሰር፣ ግርፋት ወይም ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ መጋዝ ነበር። ለንደን እያደገች፣ ንግዱ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እየሆነ ስለመጣ፣ «ለምን አመንከው?» የሚለው ፈሊጥ መሥራት አቆመ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሳይተማመኑ መነገድ አይቻልማ! በ1779 ደግሞ ፈረስ ተከራይቶ በዚያው ዕለት የሸጠውን ሰው ዳኞች ሌባ አሉት፤ ሲቀበል ሐሳቡ ስርቆት ከነበረ የባለቤቱ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም በሚል።

ሕግ ግን «ዕቃ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አልለቀቀም። በ1899 የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኤሌክትሪክ ጠልፎ የወሰደ ሰው አልሰረቀም አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚጨበጥ ነገር አይደለምና። በዓመቱ ልዩ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ትምህርት ቀድሞ የቀሰመ ነው፤ በአንቀጽ 1129 ላይ ሰው የገራቸውና የተጠቀመባቸው ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች፣ እንደ ኤሌክትሪክ ያሉት፣ ግዙፍነት እንዳላቸው ተንቀሳቃሽ ነገሮች ይቆጠራሉ። በእንግሊዝ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የፈተና ወረቀት አስቀድሞ አግኝቶ አነበበ። ወረቀቱን ለመመለስ አስቧልና ወረቀቱን ሰረቀ አይባልም፤ ምሥጢሩን ደግሞ መረጃ ንብረት አይደለም ብሎ ፍርድ ቤቱ ነፃ ለቀቀው። ፈተና ሲያወጣ እንደኖረ ሰው ይህን ፍርድ በጸጥታ ማንበብ ያስቸግረኛል።

ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ1996 ነው። ሰዎች ሐሰተኛ ማመልከቻ አስገብተው የቤት መግዣ ብድር ወሰዱ። ገንዘቡ የተላለፈው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነበር። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ነገሩን በአጉሊ መነጽር አዩት። አበዳሪው ባንክ ላይ የነበረው መብት በዝውውሩ ጠፋ፤ ተበዳሪው ባንክ ላይ አዲስ መብት ተፈጠረለት። ስለዚህ ተበዳሪው እጅ የገባው ነገር ከዚያ በፊት የማንም አልነበረም፤ የሰው ንብረት አልወሰደም። እዚህ ምንጭ ደረቀ፣ እዚያ ሌላ ምንጭ ፈለቀ፣ ውሃው ግን አልፈሰሰም እንደማለት ነው። ፍርዱ ተሻረ። ፓርላማው ዓመቱ ሳያልቅ የማሻሻያ ሕግ አወጣ፤ በ2006 ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በዚህ የማጭበርበር ሕግ መሠረት ተከሳሹ ምን ወሰደ ብሎ መጨነቅ ቀረ። ለመጠቀም ወይም ለመጉዳት አስቦ በሐሰት መናገሩ ይበቃል፤ የተነገረውም ሰው ሳይሆን ማሽን ቢሆን ለውጥ የለውም። ሆልት ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው በ1984 ባወጡት የፌዴራል ሕግ ካርድ፣ ኮድና የሒሳብ ቁጥር ሁሉ የገንዘብ መግቢያ በር ነው በሚል እሳቤ፣ በማጭበርበር ሐሳብ መጠቀሙን ወንጀል አደረጉት።

የእኛ አገር ሕግ በዚህ ሁሉ ጉራንጉር አላለፈም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የስዊዘርላንዳዊው የዣን ግራቨን ሥራ ነውና፣ አታላይነት ገና ከመጀመሪያው ከስርቆት ተለይቶ የራሱ አንቀጽ ነበረው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ነው። አሳሳች ነገር መናገርን፣ ማንነትን መደበቅን ብቻ ሳይሆን፣ ሰው በራሱ የተሳሳተ እምነት ላይ እያለ በዚያ መጠቀምን ጭምር ይቀጣል። የሚገርመው፣ የስዊሶቹ ሕግ ማታለሉ በተንኮል የተቀነባበረ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ትንሽ ቢጠነቀቅ ይደርስበት የነበረ ሰው ጥበቃው ሊቀርበት ይችላል። የእኛው አንቀጽ በጽሑፉ ይህን አይጠይቅም። ወረቀት ላይ፣ ለሞኙ እኛ እንሻላለን።

ወረቀት ላይ አልኩ። በኑሯችን ግን ሆልት አልሞቱም። የሞባይል ካርድ እየፋቅን በምንሞላበት ዘመን «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ካርድ ፍቀው ቁጥሩን ይንገሩኝ» የሚል ስልክ ያልደረሰው ሰፈር አለ? የተበላው ሰው ምን ተባለ? ተሳቀበት። ተረቶቻችንም ያገዙን አይመስለኝም፤ ጦጣ ጅብን ስታሞኝ ከጦጣ ጋር እየሳቅን ነው ያደግነው። ቤቱ የተሰበረበትን ሰው «እግዜር ይተካልህ» እንላለን፣ የተታለለውን ግን «አንተስ ምን ነካህ?» እንላለን። በድሮው ሌባሻይ ዘመን እንኳ መድኃኒት ጠጥቶ የሚወጣው ልጅ የሚፈልገው ወሳጁን ነበር እንጂ ያስወሰደውን አልነበረም።

ኀፍረቱ ደግሞ ለአጭበርባሪው ሁለተኛ ትርፍ ነው፤ የተታለለ ሰው አይናገርምና። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 ብቻ በስጦታ ካርድ ተከፍሎ የተጭበረበረ 217 ሚሊዮን ዶላር ሪፖርት ተደርጎልኛል ብሏል። ይህ እንግዲህ ደፍሮ የተናገረው ሰው ድምር ነው።

የሜሪላንድ ግዛት በ2024 ያወጣውና ከሰኔ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በሌላ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ሌሎች ግዛቶች የካርድ ቁጥር ለማጭበርበር መያዝን ራሱን የቻለ ወንጀል ሲያደርጉ፣ ይህ ሕግ መደብሩን ይዟል። ካርዱ ቁጥሩ በማይታይበትና ከተነካካ በሚያስታውቅ ማሸጊያ ይሸጥ፣ ሻጮችም ማጭበርበርን እንዲለዩ ይሠልጥኑ ይላል። ማሸጊያው ፍቆ ለሚሸፍነው ሌባ መልካም ነው። ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋ «ከግብር መሥሪያ ቤት ነን፣ አሁኑኑ ካልከፈልሽ ትታሰሪያለሽ» የተባለች አሮጊት አምስት ካርድ ይዛ ስትመጣ ግን ማሸጊያ ምንም አያደርግም፤ ቤቷ ወስዳ ራሷ ትቀደዋለች። እዚያ ላይ የሚቀረው ከሣጥኑ ኋላ የቆመው ሰው ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው ባሉ መደብሮችና ነዳጅ ማደያዎች ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የእኛው ልጅ ነው፤ ሰልፉ ከኋላ እየተንጫጫ፣ በተማረው ሁለተኛ ቋንቋ፣ እናቱን የምታህል የማያውቃትን ሴት «እማማ፣ ይህን ካርድ ግዢ ያለሽ ማነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።