የላስታ የጾም ገበታና የደም ሥር

በኩልመስክና በላሊበላ ዙሪያ ያለው ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የአተር አገር ነው፤ የሐበሻ ጎመንም ከጓሮ አይርቅም። ይህን ምግብ ዘመናትን አሻግሮ በገበታ ላይ ያቆየው ከመሬቱ ይልቅ የጾም ሥርዓቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምሱም፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የአገሩ ሰው ጾም እንዴት እንደሚጠብቅ አስተውሎ መዝግቧል። የዓመቱን እኩሌታ ያለ ቅቤ የሚያሳልፍ ሕዝብ፣ ሐኪም ሳያዝዘው፣ የደም ሥርን የሚጠቅም አመጋገብ ለምዶ ኖሯል ማለት ነው።

ነገሩ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በገብስና በጥራጥሬ ያለው ፋይበር በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። የጎመን ቅጠል ፖታሲየምና ናይትሬት አለው፤ ናይትሬቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ተለውጦ የደም ሥርን ያላላል። በቀርጤስ ደሴት የግሪክ ኦርቶዶክስ ጾመኞችን ዓመት ሙሉ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በጾም ወቅት የጾመኞቹ ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ይህ የድህነት ገበታ ነው፣ ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየውን ረሃብ አትርሳ የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ባዶ ሆድ ለማንም ልብ አይበጅም፤ የምሟገተውም ለጠገበ የጾም ድስት ነው። ፍራፍሬም ውርጭ በሚመታው ከፍታ ብርቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ይበላ የሚለውን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ የደጋ ገበታ በቀላሉ አይሞላም። ጥራጥሬው ግን የጉድለቱን ከፊል ይሸፍናል። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጾም ለነፍስ እንጂ ለደም ሥር አልተሠራም የሚለው። እሱንም እቀበላለሁ፤ ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ የማይበላውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ምን ይበላ የሚለውን ለአገሩ ይተወዋል። አገሩም ሽሮ፣ ክክና ጎመን አቀረበ፤ ቅባቱን ከኑግ፣ ከሱፍና ከተልባ አወጣ። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ሥጋ ላጣ ሰው ማጽናኛ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ጎመንን ከክብሩ አውርዶታል። አሁን የጾም ድስቱን ከውጭ የሚገባ ፓልም ዘይት እየያዘው ነው፤ የዚህ ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። በፓልም ዘይት ፓስታ ሠርቶ የበላ ሰው ጾሙን አልሻረም፤ የደም ሥሩ ግን ከቅቤ ዐረፈ ለማለት ይከብዳል። ተልባ ግን ዛሬም ደጋ ይወዳል።