ቀረጸ፥ ፈለፈለ፥ ከተበ፤ በቡናው አገር ስለሚሠሩ ቃላት

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ንግግር በጋዜጣ ታትሞ ከእጅዎ ከመግባቱ በፊት በራዲዮ የተሰማ ነው፤ በራዲዮ ከመሰማቱም በፊት ተቀርጿል። «ድምፅ ተቀረጸ» የሚለውን አባባል ከልማድ የተነሣ ሳናስበው እናልፈዋለን እንጂ፥ ቃሉ የድንጋይ ወቃሪና የእንጨት ጠራቢ ቃል ነው። ወደ ድምፅ የተዛወረውም ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን ሰሙ በመርፌ ይጫር ነበርና፥ ድምፅ በእውነት ይቀረጽ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የተናገሩት የሰላምታ ቃል በሰም ላይ ተቀርጾ የመጣ ሲሆን፥ ከተሰማ በኋላ ንግሥቲቱ ባዘዙት መሠረት እንዲጠፋ ተደርጓል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እኒህ ሰው ኋላ ነጋድራስ ተብለዋል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነው። ድምፁን ያስቀረጸው ዘፋኝና ቀረጥ የሚያስቀርጠው ሹም አንድ ሰው መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ቃል መሆናቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።

በግዕዝ ቀረጸ ማለት ጫረ፥ ቈረጠ፥ ፈልፍሎ ቅርጽ አወጣ ማለት ነው። የግዕዙ ጸ ወደ አማርኛ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናል፤ ጸጕር ጠጕር እንደ ሆነ ሁሉ። ቀረጸም በዚሁ መንገድ ሄዶ ቀረጠ ሆነና፥ ከነጋዴው ሸክም ላይ የመንግሥትን ድርሻ ቈርጦ ማስቀረት ማለት ሆነ። በአማርኛው ወንጌል ማቴዎስ «ቀራጭ» የተባለው ስለዚህ ነው። ምስል ሠሪውን ቀራጺ፥ ቀረጥ ተቀባዩን ቀራጭ ስንል አንዱን ግሥ በሁለት አፍ መናገራችን ነው። ልዩነቱ፥ የመጀመሪያው ከድንጋዩ ላይ የማያስፈልገውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሸክሙ ላይ የሚያስፈልገውን ያነሣል።

ይህ ጨዋታ በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1897 የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በተያዙ ጊዜ፥ ከከፋ ወዲያ የሚኖሩት ቤንች፥ ሼና መር የሚባሉት ሕዝቦችም ከአዲሱ አስተዳደር ሥር ዋሉ። እነዚህን ሕዝቦች በአንድነት «ጊሚራ» ብሎ የሚጠራቸው ከውጭ የመጣው ሰው ነበረ። ስሙ ግን በመዝገብ ተቀረጸ፤ ሚዛን ተፈሪም የጊሚራ አውራጃ ዋና ከተማ ተብላ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ተጻፈች። በወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ለመፋቅ ከድንጋይ ላይ ጽሕፈት ይልቅ እንደሚያስቸግር፥ በመዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

መቅረጡም በማርና በቡና ብቻ አላበቃም። በጊሚራና በማጂ ገበሬው ለወታደሩ ገባር ሆኖ ተደለደለ፤ ከዚያም አልፎ ባርያ ፈንጋይ ሰውን ራሱን ከአገሩ እየቀረጠ ወሰደው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚያ ያለፉ ሰዎች፥ ቀድሞ መንደር የነበረበት ስፍራ ዱር ሆኖ ማየታቸውን ጽፈዋል። ባርነትን የሚከለክለው ዐዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጣ፤ የገጠር መሬትም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከባለ ርስት እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ። ዛሬ በጫካው መካከል ሲሄዱ «ይህ ድንግል ዱር ነው» የሚልዎ ሰው ቢያገኙ፥ ከዛፉ ሥር የማን ምድጃ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል።

ቡናው በሰውና በበቅሎ ሸክም ወደ ጎሬ ይወጣ፥ ከዚያም ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ተፈቅዶላቸው ስለ ነበር፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ቡናውን ጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ነጋዴው እዚያ እስኪደርስ ድረስ ግን በየኬላው ይቀረጥበታል።

አሁን ወደ ሌላው ቃል እንለፍ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ስናነሣ «ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ» እንላለን። ወደ ቴፒ ወይም ከሚዛን ተፈሪ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ በበቃ የቡና እርሻ በለቀማ ወራት ቢሄዱ፥ ይህንኑ ቃል ከሠራተኛው አፍ ይሰሙታል። ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያው ይገባል፤ መኪናው ቀዩን ልብስ ገፍፎ ፍሬውን ያወጣዋል። ከዚያ ልጉ እስኪለቅ በገንዳ ይቈያል፥ ይታጠባል፥ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ሳይፈለፈል ከነልብሱ የደረቀው ጀንፈል ይባላል፤ ጀንፈሉ ተወቅጦ ወይም በመኪና ተገፍፎ ሲጠራ ቀሸር ይሆናል። የሚፈለፈለው ለምን በዚያው ዕለት ሆነ ቢሉ፥ እሸቱ ካደረ ራሱ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። እንግዲህ ድንጋይ ጠራቢው በዓመታት የሚሠራውን ሥራ ቡና ፈልፋዩ በሰዓታት መጨረስ አለበት፤ ግሡ ግን አንድ ነው።

በቴፒ ዙሪያ የሚኖሩት መዠንግሮችም ይፈለፍላሉ። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቀው፥ ውስጡን ፈልፍለው፥ መልሰው ከገጠሙት በኋላ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ቀፎ ማለት ይህ ነው። ከቀፎው ንብ ይወጣና ሰውን ይነድፋል። ይህንኑ «ነደፈ» የምንለውን ቃል በየመሥሪያ ቤታችን ለሕንፃ ንድፍና ለሕግ ረቂቅ እንጠቀምበታለን፤ አንዳንዱ ረቂቅ ከንቡ የበለጠ እንደሚነድፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቴፒ በቅመማ ቅመም ምርምርዋም የታወቀች ስለሆነች ቀረፋን ሳላነሣ አላልፍም፤ ዐረብኛው «ቂርፋ» የዛፍ ልጥ ማለት ሲሆን፥ አማርኛው ቀረፈም ልጥን ላጠ ማለት ነው።

ከእንጨትና ከድንጋይ ሌላ ሰው የሚቀርጸው ገጽ አለ፤ እርሱም የገዛ ቆዳው ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ፥ ወደ ማጂ አቅጣጫ ሲወርዱ የሚያገኟቸው ሱርማዎች ቆዳቸውን በእሾኽ አንሥተው በስለት እየነኩ ጠባሳው ጕብ ጕብ ብሎ እንዲቀር ያደርጋሉ። ከአዲስ አበባ የሄደ ሹም ይህን ሲያይ ፊቱን ማዞሩ የተለመደ ነበር። የእናቱ አንገት በንቅሳት ያጌጠ፥ በግንባርዋም ላይ መስቀል የተነቀሰ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አያስታውስም። እርስዎም በሥራ ወደዚያ ቢላኩ ይህን እንዳይዘነጉ እለምንዎታለሁ።

ስለ ቆዳ ከተነሣ ዘንድ የመጨረሻው ቃል ከተበ ነው። በዐረብኛ ከተበ ማለት ጻፈ ነው፤ ኪታብ መጽሐፍ ነው። በአማርኛም ክታብ በአንገት የሚታሰር ጽሑፍ ሲሆን፥ ክትባት ደግሞ በክንድ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ለዘመናዊው ሕክምና ይህ ቃል እንግዳ አልነበረም፤ የአገር ዐዋቂዎች ፈንጣጣ በቀላሉ ከያዘው ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ሰው ክንድ እየጫሩ ይቀቡለት ነበርና። ብዙውን ሰው ያድነው ነበር፤ ነገር ግን የተከተበው በእውነተኛው ፈንጣጣ ስለሚያዝ በሽታውን ወደ ጎረቤቱ ያሻግረው ነበር።

ፈንጣጣን ከአገር የማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፥ ጫፉ ሁለት የሆነውን ትንሽ መርፌ በመድኀኒቱ እያጠቀሱ፥ ክንዱን 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ያደርጉት ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም። ባገራችን የነበረው ፈንጣጣ ከመቶው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚገድለው ቀላሉ ዓይነት ስለ ነበረ፥ ብዙው ገበሬ ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ይፈራ ነበር። ቀድሞ የመንግሥት ሰው ወደ መንደሩ ሲመጣ ለመቅረጥ እንጂ ለመክተብ አይመጣም ነበርና፥ በእኔ አስተያየት ፍርሃቱ ስንፍና ሊባል አይገባውም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቁ በረሃ ተገኘ። በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማልያ መርካ ከተማ የተገኘ ሲሆን፥ የዓለም የጤና ድርጅትም በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ። በሚዛን ተፈሪ ገበያ ጀንፈል ሲሸጡ የሚያገኟቸው ወጣቶች በክንዳቸው ላይ ጠባሳ ቢያዩባቸው፥ ያ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። የፈንጣጣው ጽሕፈት፥ ክብና ጐድጐድ ያለው፥ በሽማግሌዎቹ ክንድ ላይ ብቻ ይገኛል፤ የሚጽፈውም ስለሌለ አዲስ አይጨመርበትም።